በግና መርከብ በአንድ ፊደል

ወረቀት ላይ «ሺፕ» ብላችሁ ጻፉ። የጻፋችሁት በግ ነው ወይስ መርከብ? እንግሊዝኛ ሁለቱን የሚለየው በአናባቢው ነው። የበጉ አናባቢ ከንፈርን ወደ ጎን ስቦ ይረዝማል፤ የመርከቡ ላላ ብሎ ያጥራል። ፊደላችን ግን ለሁለቱም ያለው አንድ ሣልስ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ «ገና» ብላችሁ ጻፉ። ጊዜው ገና ነው ለማለት ነው ወይስ በዓሉን ለመጥራት? እኛ ስናነበው አንደበታችን ሳያስብ ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ ግን ገጹ ላይ የሚረዳው አንድም ምልክት የለም። የእኛ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚሰናከልበትና እንግሊዝኛ ሊያስተምረው የመጣው ወጣት በአማርኛ የሚሰናከልበት ቦታ አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው። ሁለቱንም የሚያሰናክላቸው ጆሮ የሚለየውን ፊደል አለመለየቱ ነው። ይህን አስቀድሞ ያየና የመጀመሪያ ትምህርቱን በዚያ ላይ የገነባ አስተማሪ ካጋጠማችሁ፣ የጥሩ ባለሙያ እጅ አይታችኋል።

«እንግሊዝኛ ላስተምር ወደ ውጭ አገር ልሄድ ነው» የሚል ወጣት በጎ ፈቃደኛ ስለ ዝግጅቱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረዝረው ክትባቱን፣ ጫማውን፣ የእጅ ባትሪውንና መድኃኒቱን ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ በገንዘብም ይገኛሉ። በገንዘብ የማይገኘው ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ የሚሠራው ዝግጅት ነው። ነገ የሚነገሩት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የቱ ቀድሞ የቱ ይከተል? የትኛው ድምፅ የማንን ምላስ ያስቸግራል? ጥያቄው ሲጠየቅ ልጁ መልሱን የሚሠራበት ቃል አስቀድሞ በአፉ ገብቷል ወይ? ይህ ሥራ ሲሳካ አይታይም። ጥሩ ስፌት ጅማሬው የቱ ጋ እንደሆነ እንደማይለይ ሁሉ፣ በደንብ የተዘጋጀ ትምህርትም ከውጭ ለሚያየው ልጆች ያለ ችግር ሲናገሩ ብቻ ነው የሚታየው። ችግሩን ማታ በኩራዝ ብርሃን ያስወገደው ሰው አይታይም። ለዚህ ነው ስለዚህ ሥራ መጻፍ የፈለግሁት፤ ባለሙያው ሲመሰገን የሚሰማው አልፎ አልፎ ነውና።

በአገራችን የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ካቋቋሙት ገና አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው የሰላም ጓድ፣ ሰው ሁሉ ፒስ ኮር የሚለው፣ ከ270 በላይ ወጣት አሜሪካውያንን በአንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበር። አዲሱ የ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሲከፈት በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ በአገሩ የነበረውን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር ወደ እጥፍ አስጠጉት ይባላል። ኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ፖል ሶንጋስ ያኔ በወሊሶ ጠመኔ ከያዙት አንዱ ነው። ወጣቶቹ ክረምቱን የተዘጋጁት በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከተማሩት መካከል አማርኛ ነበረበት።

ይህ አጋጣሚ ሁልጊዜ ይስበኛል። በዚያ ዘመን የጆርጅታውን የቋንቋዎችና የሥነ ልሳን ተቋም ዲን ሮበርት ላዶ ነበር። ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የሞገተው ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ የተማሪውን ቋንቋና የሚማረውን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጸረ አስተማሪ፣ ችግሩ የት እንደሚመጣ ክፍል ከመግባቱ በፊት ያውቃል። ኋላ የመጡ አጥኚዎች ስሕተት ሁሉ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ እንደማይመነጭ አሳይተዋል፤ ልክ ናቸው። ቢሆንም ለድምፅና ለቃላት ቅደም ተከተል የላዶ ምክር ዛሬም ይሠራል፤ «ሺፕ» እና «ገና» ምስክር ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክሩ አስተማሪውን የተማሪውን ቋንቋ እንዲያጠና ያስገድደዋል። እንግሊዝኛ ማስተማር እንግሊዝኛ ከመቻል የተለየ ሙያ መሆኑ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሙያው ጥራት በመጽሐፍ መልክም ቀርቶልናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ አገልግሎት ኢንስቲትዩት በ50 ክፍሎች የተደራጀ የአማርኛ መማሪያ አሳተመ። አዘጋጆቹ ሰርጅ ኦቦሌንስኪ፣ ደበበው ዘለሌና ሙሉጌታ አንዱዓለም ናቸው። የታሰበው ለዲፕሎማቶች ነው፤ አሠራሩ ግን በዚያ ዘመን ቋንቋ የሚማር ወጣት ሁሉ ከተቀረጸበት ትምህርት ቤት ነው። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሴም ቋንቋዎችን ያስተምር የነበረው ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1965 የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፉን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወፍራሙን የአማርኛ መማሪያውን አወጣ። እነዚህን መጻሕፍት ከፍቶ ሰዋስዋቸውን ብቻ ያነበበ ሰው ዋናውን ነገር አልፎታል። ጥበቡ ያለው በልምምዶቹ መገጣጠሚያ ላይ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ መሰላል በራሴ ልሥራ። ተማሪው «ወደ ገበያ እሄዳለሁ» ማለትን ይዟል። አስተማሪው «ትምህርት ቤት» ይላል፤ ተማሪው «ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ይመልሳል። አስተማሪው «አንቺ» ይላል፤ «ወደ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ»። «እሳቸው» ይላል፤ «ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ»። ከዚያ «ትናንት» ይላል። እዚህ ላይ ተማሪው ቆም ይላል፤ ምክንያቱም ቃል መተካት ብቻ አይበቃም፤ ግሱ ራሱ ተለውጦ «ሄዱ» መሆን አለበት። በእያንዳንዱ እርከን የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቢለወጥ ኖሮ፣ ተማሪው ሲሳሳት የቱ ላይ እንደወደቀ እሱም አስተማሪውም አያውቁትም ነበር። «ትናንት» የመጣውም አፍ በልማድ መሮጥ ሲጀምር ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ቢመጣ ተማሪው ይደናገጣል፤ ብዙ ቢዘገይ ደግሞ አእምሮው ተኝቶ አፉ ብቻ ይሠራል። የሚያስቆመውን ጥያቄ የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ አዘጋጅ ጥቂት ነው። ሰነፍ አዘጋጅ አሥር ተመሳሳይ መስመር ደርድሮ «ልምምድ» ብሎ ያልፋል።

በዚያ ወንበር የተቀመጠ የ22 ዓመት ወጣት ከአማርኛ ሌላ ነገርም ይማራል። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን ሰው እኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ብለን ስንለይ፣ በወሎና በዋግ በኩል ለአዛውንት «አንቱ» ስንል፣ ስሕተቱ ከሰዋስው አልፎ ከሰው ጋር እንደሚያጣላ ይረዳል። «ቀ»ን ለማውጣት ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ ዘግቶ ሲታገልና ደጋግሞ «ከ» ሲወጣበት፣ ነገ «ዚስ ኢዝ» የሚለውን ልጅ በትዕግሥት ይሰማዋል። በእኔ ግምት አስተማሪን ከሚሠሩት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ጎበዝ ሆኖ የኖረ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ሰነፍ ተማሪ ሆኖ መቀመጡ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚፈተንበትን ቦታ ልምረጥ፤ ሰቆጣን እመርጣለሁ።

ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተማ ናት። የዋግ ሹሞች መናገሻ ነበረች፤ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። በውጭው ዓለም የዋግ ስም ሲነሣ ከድርቅ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የወጣው የመንግሥት ዕቅድም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በስሟ ተጠርቷል። ይህን ብቻ አንብቦ የሚመጣ ወጣት ረኀብን ጠብቆ ይመጣል። ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው፤ ከብዙ የአውሮፓ ልጆች ይልቅ ቋንቋ የለመዱ ልጆች ናቸው። የዋግ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኽምጥኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህም አጥኚዎች ኽምጣንጋ የሚሉት ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በገበያና በቢሮ አማርኛ ይሰማል፤ በመጀመሪያ ደረጃ በኽምጥኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ ደግሞ አንድ ዕቃ ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል ከልጅነቱ ያውቃል፤ ሦስተኛ ሲመጣበት አይደነግጥም።

በዝግጅት ላይ የሚፈሰው ትኩረት ፍሬ የሚሰጠው እዚህ ነው። ለአዲስ አበባ ልጆች የተዘጋጀ የድምፅ ልምምድ ሳይነካ ሰቆጣ ቢሄድ ምን ይጎድለዋል? የእንግሊዝኛውን «ሲንግ» እንውሰድ። በመጨረሻው ላይ «ን» እና «ግ» ተለይተው አይሰሙም፤ ምላስ ከኋላ ላንቃን ዘግቶ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህ ድምፅ ራሱን ችሎ ስለሌለው «ግ»ን ጨምሮ ያሰማዋል፤ «ሞርኒንግ» ሲል «ግ»ው ይመታል። ኽምጥኛ ግን ይህ ድምፅ አለው። ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸውን ሲጠሩ በስሙ ውስጥ ይሰማል፤ ለአገው ቋንቋዎች ጽሕፈትም በ«ገ» ላይ ምልክት ተጨምሮ የጘ ዘር ተቀርጾለታል። ዴቪድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የኽምጣንጋ ሰዋስው ንድፍ ላይ የድምፆቹን ሰንጠረዥ ያየ በጎ ፈቃደኛ ይህን ያገኘዋል። አግኝቶ ምን ያደርጋል? የአማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያስጨንቀውን ልምምድ ይሰርዛል፤ ወይም፣ ይህ ደግሞ የበለጠ ጥበብ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን መክፈቻ ያደርገዋል። ልጁ ገና ሲጀምር የሌላ ከተማ ልጅ የሚቸገርበትን ድምፅ በቤቱ ቋንቋ ስለያዘው ብቻ አስተካክሎ ያወጣዋል። ድፍረት የሚገኘው እንዲህ ነው። በባዶ «ጎበዝ» ተብሎ የተሞገሰ ልጅና በእርግጥ ያለውን ነገር አሳይተውት የኮራ ልጅ አንድ አይደሉም።

ሁለቱም ቋንቋዎቹ የማይረዱት ቦታም አለ። አማርኛም ኽምጥኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። «እኔ ወተት እጠጣለሁ» ብሎ የሚያስብ ልጅ በእንግሊዝኛ «አይ ሚልክ ድሪንክ» ቢል የቤቱን ሥርዓት አክብሮ ነው። ይህን በማብራሪያ ማቃናት ይቻላል፤ አሰልቺ ነው፤ ከጥቂት ልጆች በቀር የሚያስታውሰው የለም። የተዘጋጀ አስተማሪ ሦስት ካርቶን ይቆርጣል። በአንዱ «አይ»፣ በአንዱ «ሚልክ»፣ በአንዱ «ድሪንክ» ይጽፋል፤ ግሱን በሌላ ቀለም። ፊደሉ ከመጨረሻው ዴስክ የሚነበብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ማታውኑ ካርቶኑን ግድግዳ ላይ ደግፎ የክፍሉን ርዝመት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ያየዋል። በካርቶኑ ጀርባም ያንኑ ቃል በትንሽ ፊደል ይጽፋል። ለምን? ካርቶኑን ደረቱ ላይ ይዞ ከፊት የሚቆመው ልጅ ምን እንደያዘ እንዲያይ ነው። ይህች የጀርባ ጽሕፈት ለእኔ የጠቅላላው ሥራ ማኅተም ናት። ሰባ ልጅ የሚያየውን የሠራ ሰው ሰባ አንደኛውን፣ ተሸካሚውን፣ አልረሳም። ከዚያ ሦስቱ ልጆች በቤታቸው ሥርዓት ይሰለፋሉ፤ አስተማሪው ምንም ሳይናገር የግሱን ልጅ በእጁ ይዞ ወደ መካከል ያመጣዋል። ክፍሉ ሁለቱ ልጆች ሲቀያየሩ ያያል። በቃ። ሰሌዳ ላይ አንድ የሰዋስው ቃል አልተጻፈም።

ወደ በጉና ወደ መርከቡ ልመለስ። ይህ ጥንድ በእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ዘንድ ዝነኛ ነው፤ አን ቤከር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣችው የድምፅ መለማመጃ መጽሐፍ እንኳ ርዕሱ እሱው ነው። በዋግ ግን ጥንዱ ግማሹ የሞተ ነው። በጉን ልጁ ያውቀዋል፤ መርከብ አይቶ አያውቅም፤ አገሩም ባሕር የለውም። ሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ ግን ልጁ በአንድ ጊዜ አዲስ ዕቃና አዲስ ድምፅ ይጫንበታል፤ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ የሚለው ሕግ ይፈርሳል። የሚያስብ አስተማሪ ማታ ወረቀቱ ላይ ሌላ ጥንድ ይፈልጋል። «ሂል» አለ። አጥሮ ሲነገር ኮረብታ፣ ረዝሞ ሲነገር ተረከዝ። ኮረብታው በመስኮት ይታያል፤ ተረከዙ ከዴስኩ ሥር አለ፤ ያን ኮረብታ ጠዋት ወርዶ የመጣው ያው ተረከዝ ነው። ልጆቹ አስተማሪው አጭሩን ሲል ወደ ውጭ ይጠቁማሉ፣ ረጅሙን ሲል እግራቸውን ያነሣሉ። መልሳቸው በእጅና በእግር ስለሆነ የሚያፍሩበት ነገር የለም፤ አስተማሪውም ማን እንደለየና ማን ጎረቤቱን አይቶ እንደተከተለ በአንድ እይታ ያውቃል። ይህን ጥንድ ማግኘት ጊዜ ይፈጃል። በመዝገበ ቃላት ብቻም አይገኝም፤ አገሩን ማየት፣ ቢያንስ አገሩን በሐሳብ መሥራት ይጠይቃል።

ከዚያ የሚቀጥሉት የእጅ ጥበቦች ጥቃቅን ናቸው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያስደግም ከመጨረሻው የሚጀምር አስተማሪ አለ፦ «ኤቭሪ ዴይ»፣ «ቱ ስኩል ኤቭሪ ዴይ»፣ «አይ ጎ ቱ ስኩል ኤቭሪ ዴይ»። ከፊት ቢጀምር ልጁ ጭራው ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ከኋላ ሲጀምር ግን እያንዳንዱ ድግግሞሽ ወደሚያውቀው ቦታ ይወስደዋል። ጣቶቹን ዘርግቶ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጣት የሚሰጥም አለ፤ «አይ» እና «አም» ሲጣመሩ ሁለቱን ጣቶች አጣብቆ ያሳያል፤ ልጅ ቃል ሲዘል የጎደለውን ጣት ብቻ ያነሣል። «ስኩል» በሰቆጣም እንደ ሌላው ቦታ «እስኩል» መሆኑ አይቀርም፤ ቋንቋችን በቃል መነሻ ሁለት ተነባቢ ማጣመር አይወድማ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ስ»ን ብቻ አስረዝሞ መያዝ፣ ትንፋሹ ሳይቋረጥ «ኩል» ላይ መውረድ። «እ» የሚገባበት ክፍተት ያጣል።

ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ ይዤ መጣሁ የሚል ካለ ግን ወደ አጥቢያው የቄስ ትምህርት ቤት ይሂድ። በሰሜኑ ደጋ አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ የዮሐንስን መልእክት ይጀምራል። ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ዜማ አይጨርሰውም፤ በቁጥር አንድ አንዱን ፊደል እየጠራ፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይሄድበታል። ጽሑፉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የንባቡ ስልት ብቻ ነው። የባሕር ማዶ ሊቃውንት በብዙ ምርምር የደረሱበትን መርሕ፣ አንዱን አጽንቶ አንዱን መለወጥ፣ የዋግ መሪጌታ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሠራበት ኖሯል። ስለዚህ የሰቆጣ ልጅ በኅብረት ማስደገም ሲጀመር አይደነቅም፤ ጆሮው የሠለጠነ ነው። አስተማሪው ማሰብ ያለበት ተቃራኒውን ነው፤ በኅብረት ድምፅ ውስጥ የሚደበቀውን ልጅ እንዴት ብቻውን ያናግረው? ለዚህ የሚጠቅመው እርከን የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም፣ ከዚያ በመስኮት በኩል ያለው ረድፍ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ብቻውን የሚናገረው ልጅ እዚያ ሲደርስ ቃሉን ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፣ ብሎታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታ ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና መልስ የሚሰጡ ልጆች እንደሚበዙ አሳይታለች። በሦስት ቋንቋ መካከል የሚመላለስ ልጅ ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ወጣት አስተማሪ ይህን ዝምታ ይፈራል፤ ትምህርቱ የሞተ ይመስለዋል፤ ስለዚህ መልሱን ራሱ ይናገረዋል። ዝምታውን ዕቅዱ ላይ በቦታው ጽፎ የመጣ ግን ይጠብቃል። «እዚህ ጠብቅ» የሚል ማስታወሻ በዕቅድ ወረቀት ጠርዝ ላይ ሳይ ያ ሰው ሙያውን እንደያዘው አውቃለሁ።

ለሁለት ሳምንት መጥቶ ዘፈን አዘምሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄደውን በጎ ፈቃደኛ ከዚህ ጋር አልቆጥረውም። ልቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ከእሱ በኋላ ክፍሉን የሚረከበው መምህር ካልጠቀመው ብዙም አይተርፋቸውም። ደግሞም እንግዳ መሆን ለፈረንጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አገውኛ ወደሚነገርበት አገር የሄደ ወጣት አማርኛው ብቻ አያድነውም፤ ልክ እንደ ባሕር ማዶው ልጅ መዘጋጀት አለበት።

የውጭ በጎ ፈቃደኛ መምጣቱም መሄዱም በእሱ እጅ አይደለም። የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኢትዮጵያ ወጣ፤ በ1995 ተመልሶ በኤርትራ ጦርነት ጊዜ እንደገና ቆመ፤ በ2007 ዳግም ገባ፤ በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በዓለም ዙሪያ ያሉት በጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ዋግም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶቿ ተጎድተውባታል። በእንዲህ ያለ አገር አስተማሪው ሲወጣ አብሮት የሚወጣ ዝግጅት ግማሽ ሥራ ነው። ካርቶኖቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው፣ በየትምህርቱ ቁጥር ተሰጥቷቸው በትምህርት ቤቱ የመርጃ መሣሪያ ክፍል መቀመጥ አለባቸው። የዕለት ዕቅዱም ለሌላ ሰው ዓይን ተጽፎ መሆን አለበት፤ የሰቆጣው የእንግሊዝኛ መምህር ሲያነበው «ተረከዙ ይቆይ፣ በዚህኛው ይሻላል» ብሎ የሚያርምበት ሰፊ ጠርዝ ተትቶለት። እሱ ልጆቹን ያውቃልና እርማቱ ከመጀመሪያው ረቂቅ ይልቃል።

የምወደው የዕቅድ ወረቀት አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ከልምምዶቹ መካከል ሁለቱ በኮከብ ተለይተዋል፤ ኮከብ ያለባቸው ሰዓት ካጠረ የሚዘለሉ ናቸው። ትምህርቱ በፈረቃ ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አሥር ደቂቃ ይጠፋል፤ ሰልፉ ይረዝማል። ያልተዘጋጀ ሰው ሰዓት ሲያልቅበት የሚቆርጠው መጨረሻ ላይ ያለውን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ልጆቹ በራሳቸው ቃል የሚነጋገሩበት ክፍል ነው። የተዘጋጀው ግን ደወሉ ሊደወል አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር ወረቀቱን አይቶ ኮከቦቹን ይዘልላል፤ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ይገባል። በመስኮት በኩል ያለችው ልጅ ወደ ጎረቤቷ ዞራ ስለ ፍየሎቿ በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ ጊዜ ታገኛለች።